በአንድ ዝናብ ዘራችንን አንጨርስ
(የማኅበሩ ጸሐፊ በጠቅላላ ስብሰባ ላይ ያደረጉት ንግግር)

የመካነ ሰላም ነዋሪዎች!

እርሻ ያለንም፣ ገጠር ዘመድ ያለንም ብዙ ነን። በልግ ከየካቲት እስከ ግንቦት ይጠበቃል እንጂ አይታመንም። ቀድሞ ይዘንብና ዘሩ ከበቀለ በኋላ ጥሎን ይሄዳል። ዘሩ የጠፋበት ሰው በውድ ይገዛል፤ ካጣም በሬውን ይሸጣል። በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ወሎ የደረሰባትን የምንረሳው አይደለም። በ2007 ዓ.ም.ም በኤልኒኖ ሳቢያ ዝናቡ አንሶ ብዙ ወገን ተጎድቷል።

ደግሞ አገራችን አንድ ዓይነት አይደለም። ከእኛ ደጋ ወደ ዓባይ በረሃ ሲወረድ በየ1000 ሜትሩ 6 ዲግሪ ያህል ይሞቃል። ደጋ ላይ ለገብሱ ውርጩ ያሰጋል፣ ቆላ ላይ ለማሽላው ድርቁ። የአንዱ የዘር ቀን ለሌላው አይሆንም። በሬዲዮ የሚነገረውም ትንበያ ለሰፊ አገር ነው፤ ሰምተን ለቀያችን እንመዝነው።

ስለዚህ መሬቱን ቆፈር አድርገን እርጥበቱ ወደ ታች መግባቱን እንይ። ዘሩንም ከፍለን ለክረምት እናስቀር። ዘር ያለው ለሌለው ያበድር።