የፈረሰ ቤት አድራሻ፦ በከርነል ውስጥ የማህደረ ትውስታ ስሕተትን ስለማረም



ዛሬ የማቀርበው ሐሳብ አንድ ነው። የከርነል ስሕተት ታረመ የሚባለው የተሳሳተው መስመር በተስተካከለበት ቀን ሳይሆን፣ ማረሚያው በሰው እጅ ባለው ስልክ ላይ በተጫነበት ቀን ነው።

ከርነል የስርዓተ ክወና እምብርት ነው። ለየፕሮግራሙ የማህደረ ትውስታ ስፍራ ይመድባል፤ ሥራው ሲያበቃም መልሶ ይረከባል። በስፍራው ያለው መረጃ የሚገኘው በአድራሻ ነው። እዚህ ቦሌ አንድ ቤት ፈርሶ በቦታው ሌላ ሕንጻ ቢቆም፣ የቀድሞውን የቤት ቁጥር የያዘ መልእክተኛ ደብዳቤውን ለማያውቀው ሰው ያስረክባል። በከርነልም ስፍራው ተለቅቆ ለሌላ ከተሰጠ በኋላ የቀድሞው አድራሻ ሳይሰረዝ ከቀረ፣ በሌላው ንብረት ላይ ይጻፋል።

በአንድሮይድ የደረሰው ይኸው ነው። ፕሮግራሞች እርስ በርስ የሚነጋገሩበት ባይንደር የተባለ የከርነል ክፍል አለ። አንድ ትሬድ ከባይንደር ሲሰናበት መዝገቡ ይለቀቃል፤ ኢፖል የተባለው ሌላ ክፍል ግን በመዝገቡ ውስጥ የነበረውን የወረፋ አድራሻ እንደያዘ ይቀር ነበር። በኋላ ራሱን ከወረፋው ሊያስወጣ ሲመለስ በተለቀቀው ስፍራ ላይ ይጽፋል። በዚህ ቀዳዳ የገባ አጥቂ፣ የፕሮግራሞች አድራሻ የት ላይ እንደሚያበቃ የሚወስነውን ወሰን ሊለውጥ ይችላል። ወሰኑ ከተለወጠ ከርነሉ ለአጥቂው ክፍት ነው።

መፍትሔው ጥቂት መስመሮች ብቻ ነበሩ፦ ትሬዱ መዝገቡ ከመለቀቁ በፊት ኢፖል አድራሻውን እንዲጥል ያሳውቃል፤ በሥራ ላይ ያሉትም እስኪጨርሱ ይጠብቃል።

የዘመን ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ። ሲዝካለር የተባለው ፈታሽ ፕሮግራም ስሕተቱን ያገኘው እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2017 ነው። በፌብሩዋሪ 2018 በሊኑክስ ታረመ። ማረሚያው ግን የደኅንነት መለያ ቁጥር ሳይሰጠው አለፈ፤ ወደ ብዙ ስልኮችም አልደረሰም። በ2019 መገባደጃ የጉግል ፕሮጀክት ዚሮ ባለሙያ ማዲ ስቶን ቀዳዳው ለጥቃት እየዋለ መሆኑን አስታወቁ። ሲቪኢ 2019-2215 የተባለው ያን ጊዜ ነው። ፒክስል 2፣ ሁዋዌ ፒ20 እና ሳምሰንግ ጋላክሲ ኤስ8 ከተጋለጡት መካከል ነበሩ። የአንድሮይድ ማረሚያ በኦክቶበር 2019 ወጣ። ትክክለኛው መስመር ከተጻፈ 20 ወራት አልፈው ነበር።

ይህ ለእኛ ሩቅ ወሬ አይደለም። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ፣ ከቦሌ እስከ ገርጂ፣ ከጎሮ እስከ ሰሚት፣ ስልክ የገንዘብ ቦርሳም ሆኗል። ስልክ ስንገዛ ስለ ካሜራውና ስለ ባትሪው እንጠይቃለን። የደኅንነት ማዘመኛው የተጻፈበትን ቀን ግን በቅንብሩ ውስጥ ማየት ይገባናል፤ አምራቹ እስከ መቼ ማዘመኛ እንደሚልክም መጠየቅ አለብን።

ለእናንተ ለተማሪዎች ደግሞ ሁለት ነገር አደራ እላለሁ። አንደኛ፣ አድራሻን ስታስረክቡ ባለቤቱ ማን እንደሆነና መቼ እንደሚለቀቅ አስቀድማችሁ ወስኑ፤ ኮዳችሁንም እንደ ኬሳን ባሉ መሣሪያዎች ፈትሹ። ሁለተኛ፣ ያረማችሁት ስሕተት ለደኅንነት የሚያሰጋ ከሆነ ይህንኑ በግልጽ ጻፉ። ዝም ብሎ የታረመ ስሕተት፣ ማረሚያውን ላልተቀበለው ሰው እንዳልታረመ ይቆጠራል።