ሜዳው ለምን ጭር ይላል?

እሷ፦ ትንንሽ ክለቦች ደጋፊ ወደ ሜዳ እንዴት ይሳቡ?

እሱ፦ ቀላል ነው፤ ያሸንፉ!

እሷ፦ ኧረ ቆይ! ወላይታ ድቻ በ2010 ዓ.ም የግብፁን ትልቅ ክለብ ዛማሌክን ካይሮ ላይ በመለያ ምት ጥሏል። እንዲህ ያለ ድል ግን በየሳምንቱ ከየት ይመጣል?

እሱ፦ እሺ፣ ጨዋታውስ የታል? ፕሪሚየር ሊጉ ከ2013 ወዲህ በተመረጡ ከተሞች ሆኗል። የወላይታ ሶዶ ልጅ ድሬዳዋ ድረስ ይሂድ?

እሷ፦ በእሱስ ልክ ነህ። ደጋፊ ማኅበሩ አውቶቡስ ቢከራይስ?

እሱ፦ አልጋው፣ ምግቡስ? በቴሌቪዥን ማየት ይረክሳል።

እሷ፦ እንግዲያው ክለቡ ወደ ሰፈሩ ይምጣ። ሊጉ ሲያርፍ ልምምዱን ለሕዝብ ይክፈት፤ ከሰፈር ቡድን ጋር ይጫወት፤ ተማሪ በነጻ ይግባ።

እሱ፦ በነጻ? ደሞዝ በምን ሊከፈል ነው?

እሷ፦ ወንድሜ፣ አብዛኞቹ ክለቦች የሚተዳደሩት በመንግሥት በጀት እንጂ በትኬት ነው እንዴ? ልጁ በነጻ ቢገባ አባቱ ማሊያ ይገዛለታል።

እሱ፦ ከመንገድ ላይ፣ በርካሽ!

እሷ፦ ክለቡ ራሱ በር ላይ በተመጣጣኝ ዋጋ ይሽጥ!

እሱ፦ በዚህስ ተስማማን። የሜዳው ስድብም ይቅር፤ እናቶችም ይምጡ።

እሷ፦ መጸዳጃ ቤትም ይኑር! አድማጮች፣ እናንተስ? ደውሉልን።