ከሰጋቱራ የሚሠራ ቀላል ብሎኬት



በ1953 ዓ.ም. በካራ ቆሬ አካባቢ የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ማጀቴን አፍርሷል። አሊዩ አምባም የምትገኘው በዚያው በስምጥ ሸለቆ አፋፍ ነው። መሬት ሲናወጥ ግድግዳን የሚገፋው ኃይል በክብደቱ ልክ ነው። ተራ ኮንክሪት በሜትር ኩብ 2400 ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ ቀላል የሚባለው ከ2000 በታች ነው።

አባቶቻችን ጭቃን በጭድ አቀለሉ። እኛም ከእንጨት መሰንጠቂያ የሚጣለውን ሰጋቱራ ከሲሚንቶ ጋር እናቡካው። ነገር ግን የእንጨቱ ስኳር ሲሚንቶውን እንዳይጠነክር ስለሚከለክለው፤ ሰጋቱራው አስቀድሞ በፈላ ወይም በኖራ ውሃ ይታጠብ። ብሎኬቱም ለግድግዳ መሙያ እንጂ ጣራ ለመሸከም አይሁን፤ ከዝናብም በልስን ይጠበቅ።

የምሕንድስና ተማሪዎች ሆይ፤ ናሙናውን ሠርታችሁ ጥንካሬውን መዝኑ። ሳይፈተን ለድሃ ቤት አይሰጥ!