ብጉር ድኖ የሚተወው ምልክት፤ የፊት ጠባሳ ሕክምናና የቆዳ አጠባበቅ በራያ ቆላ

(ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)

ከቆቦ ተነሥቶ ወደ አላማጣ የሚያመራው አውራ ጎዳና ዋጃን አቋርጦ ያልፋል። በስተምሥራቅ የዞብል ተራሮች፣ በስተምዕራብ ደጋው ያጠሩት ይህ የማሽላ ሜዳ ሙቀቱ የጸና፣ ፀሐዩ የበረታ፣ በበጋ ወራት ውኃው በቁጠባ የሚያዝ አገር ነው። በእንዲህ ያለ ስፍራ አንዲት የ18 ዓመት ወጣት በገበያ ቀን ወደ መድኃኒት ቤት ገብታ፣ ነጠላዋን ከፊቷ ገለጥ አድርጋ፣ «ወንድሜ፣ ይህን የሚያጠፋ ቅባት አለ ወይ?» ብላ ስትጠይቅ መገመት አያዳግትም። ጥያቄው አጭር ነው። የሚሰጠው መልስ ግን የዚያችን ልጅ ፊት ለብዙ ዓመታት ሊወስን ይችላል። የዚህ ንግግር ዓላማም መልሱ ምን መሆን እንደሚገባው ማስረዳት ነው።

ብዙ ጊዜ ብጉር የወጣትነት ምልክት ነው፣ ጊዜውን ጠብቆ ይጠፋል ተብሎ ይታለፋል። ብጉሩ ይጠፋል፤ ያበላሸው ቆዳ ግን ሁልጊዜ ወደ ቀድሞ መልኩ አይመለስም። ብጉር የሚነሣው የቅባት ዕጢዎች በጉርምስና ዕድሜ ሥራቸውን ሲያበዙ፣ የፀጉር ቀዳዳዎች በሞተ ቆዳና በቅባት ሲደፈኑ፣ በውስጣቸውም በተፈጥሮ የሚኖረው ባክቴሪያ ሲበረክትና ቆዳው ሲቆጣ ነው። ቁጣው ጠልቆ በገባ መጠንና ሳይታከም በቆየ ቁጥር የቆዳው ሥር ይጎዳል፤ ጠባሳውም የዚህ ጉዳት ውጤት ነው። እንግዲህ «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው የአበው አባባል ከማንም በላይ ለብጉር የተገባ ነው። ከሁሉ የሚበልጠው የጠባሳ ሕክምና ጠባሳው ከመፈጠሩ በፊት የሚሰጠው ነው።

ባለሙያው ከሁሉ አስቀድሞ ማድረግ የሚገባው ነገር ፊቱን በመልካም ብርሃን ማየትና በጣት መዳሰስ ነው። ሕዝቡ በአንድ ስም «ጠባሳ» ብሎ የሚጠራቸው ምልክቶች በእርግጥ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸውና። የመጀመሪያው ብጉሩ በነበረበት ቦታ የሚቀር ጥቁረት ነው። ሲዳሰስ ቆዳው ልሙጥ ነው፤ ጉድጓድም እብጠትም የለውም። ይህ ጠባሳ አይደለም፤ ቆዳው ሲቆጣ ያፈሰሰው ቀለም ነው። በጠይምና በጥቁር ቆዳ ላይ እጅግ የተለመደ ሲሆን፣ አዲስ ብጉር ካልተጨመረና ከፀሐይ ከተጠበቀ በወራት ውስጥ እየደበዘዘ ይሄዳል። ሁለተኛው የጎደጎደ ጠባሳ ነው፤ በመርፌ እንደተወጋ ጠባብና ጥልቅ፣ ጠርዙ እንደተቆረጠ ሰፊ፣ ወይም እንደ ማዕበል የሚወጣና የሚወርድ ሊሆን ይችላል። ሦስተኛው ከቆዳው በላይ ያበጠ ጠባሳ ሲሆን፣ ከቍስሉ ወሰን አልፎ ሲያድግ ኬሎይድ ይባላል። በአገጭ ጠርዝ፣ በደረትና በትከሻ ላይ ይበዛል።

ይህ ልዩነት ለዕውቀት ያህል ብቻ የሚነገር አይደለም። ፊቷ ላይ ጥቁረት ብቻ ያለባት ልጅ «ጠባሳሽ አይጠፋም» ከተባለች ያለ ምክንያት ተስፋ ትቆርጣለች። ጉድጓድ ያለበት ወጣት ደግሞ «ይህ ክሬም ያጠፋልሃል» ከተባለ ገንዘቡን ከስሮ፣ በባለሙያ ላይ ያለውን እምነትም ያጣል።

ከዚህም ሌላ በፊት ላይ የወጣ ሁሉ ብጉር አለመሆኑ ሊታሰብ ይገባል። ለወራት ሳይድን የቆየ፣ ብዙውን ጊዜ ሕመም የሌለው፣ ቅርፊት የያዘ እብጠት በተለይ ከደጋ ወይም ከገደላማ ስፍራ በመጣ ሰው ላይ ሲታይ ቁንጭር ሊሆን ይችላል። ይህም በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፍ፣ ሲድንም ከባድ ጠባሳ የሚተው በሽታ ነው። ቀለሙ የደበዘዘና ሲነካ የማይሰማ ንጣፍ ደግሞ ሥጋ ደዌን ሊያመለክት ይችላል። ጥቁር ነጥብ ወይም ነጭ ነጥብ ካልታየ «ብጉር ነው» ብሎ ለመደምደም መቸኮል አይገባም። ከዋጃ ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ በሚርቀው የደሴ አካባቢ የሚገኘው የቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ለሥጋ ደዌና ለሌሎችም የቆዳ ሕመሞች በሚሰጠው አገልግሎት የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 የተቋቋመው የአዲስ አበባው አለርትም እንደዚሁ። አጠራጣሪ የሆነውን ሕመምተኛ ወደ እነዚህ መላክ የባለሙያው ግዴታ ነው።

ወደ ብጉሩ ሕክምና ስንመለስ፣ ዋናዎቹ መድኃኒቶች ጥቂቶች ናቸው። ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ በዓለም የጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ የተካተተ ነው። ከ2.5 እስከ 5 በመቶ ያለው ለአብዛኛው ሰው ይበቃል፤ ብርቱው የበለጠ ያቃጥላል እንጂ በዚያው ልክ የበለጠ አያድንም። ጨርቅ ያነጣልና የነጠላን ጥለትና የትራስ ልብስን እንዳያበላሽ አስቀድሞ መንገር ያስፈልጋል። አዳፓሊንና ትሬቲኖይን የተደፈነውን ቀዳዳ ይከፍታሉ፤ ማታ ማታ በስሱ ይቀባሉ፤ ለነፍሰ ጡር ግን አይሰጡም። አዜላይክ አሲድ በተገኘበት ቦታ ብጉሩንም ጥቁረቱንም ይረዳል፤ በእርግዝና ጊዜም ይፈቀዳል። ብጉሩ ሲበረታ ዶክሲሳይክሊን በሐኪም ትእዛዝ ይታከላል፤ ሆኖም ለብቻው አይሰጥም፣ ከሦስትና ከአራት ወርም አያልፍም፤ ባክቴሪያው መድኃኒቱን ይለምዳልና። በተጨማሪም ቆዳን ለፀሐይ ያጋልጣል፤ ማሽላ ሲታጨድ ቀኑን ሙሉ ሜዳ ላይ ለሚውል ወጣት ይህ ሳይነገር ሊታለፍ አይገባም። ጠባሳ የሚያስከትል ከባድ ብጉር በአይሶትሬቲኖይን ይታከማል። ይህ ግን ፅንስን ክፉኛ የሚጎዳ ስለሆነ በልዩ ባለሙያ ጥበቃ ሥር ብቻ የሚወሰድ ነው።

ከሁሉ በላይ ለሕመምተኛው መነገር ያለበት የጊዜው ነገር ነው። ማናቸውም የብጉር መድኃኒት ውጤቱ የሚታየው ከ8 እስከ 12 ሳምንት ውስጥ ነው። ይህን ያልሰማ ወጣት በሁለተኛው ሳምንት መድኃኒቱን ጥሎ ሌላ ይፈልጋል፤ የሚፈልገውም ብዙ ጊዜ ጎጂውን ነው።

የዕለት ተዕለት የቆዳ አጠባበቅ በራያ ቆላ ኑሮ የሚቻል መሆን አለበት። አሥር ዓይነት ዕቃ የሚጠይቅ ሥርዓት ለዋጃ አይበጅም፤ ለሌላውም ቢሆን ትርፉ ጥቂት ነው። ጧትና ማታ ፊትን በአንድ ጣሳ ለብ ያለ ውኃና በለዘበ የገላ ሳሙና መታጠብ፣ ሳይፈትጉ በንጹሕ ጨርቅ ማድረቅ፤ ማታ መድኃኒቱን በብጉሩ ነጥብ ላይ ብቻ ሳይሆን ብጉር በሚወጣበት ገጽ ሁሉ ላይ በስሱ መቀባት፤ ቆዳው ከደረቀ ቅባት የሌለበት ማለስለሻ መጨመር፤ ጧት ከፀሐይ መጠበቅ፤ ሥርዓቱ ይኸው ነው። የልብስ ሳሙና፣ የጥርስ ሳሙናና የሎሚ ጭማቂ ፊት ላይ መዋል የለባቸውም። ሎሚ ተቀብቶ ፀሐይ ላይ መውጣት ቆዳን አቃጥሎ ከብጉሩ የባሰ ጥቁረት ያመጣል። ብጉርን በጥፍር ማፍረጥም መግሉን ወደ ውስጥ እየገፋ ጠባሳን ያበዛል።

ቅቤን በሚመለከት በጥንቃቄና በአክብሮት መናገር ያስፈልጋል። በራያ ሹርባ ተሠርቶ ቅቤ መቀባት ጌጥም ወግም ነው፤ ከሙቀትና ከድርቀትም ጠጉርን ይጠብቃል። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ1970 ፕሌዊግ፣ ፉልተንና ክሊግማን የተባሉ ሐኪሞች የጠጉር ቅባት በሚያዘወትሩ ጥቁር አሜሪካውያን ግንባርና ሰሌን ላይ የሚወጣ የብጉር ዓይነት መኖሩን ጽፈዋል። በፀሐይ ቀልጦ ወደ ግንባር የሚወርድ ማንኛውም ቅባት ያንኑ ሊያደርግ ስለሚችል፣ ብጉሯ በግንባሯና በጠጉሯ ጠርዝ ላይ የበዛ ሴት ስለ ቅቤዋ መጠየቅ አለባት። ምክሩ «ቅቤ ተዪ» አይሆንም፤ እንዲህ ያለው ምክር አይሰማም፣ ሊሰማም አይገባውም። ከጠጉሩ ሥር ጠርዝ ሁለት ጣት ያህል አርቆ መቀባት፣ የወረደውን ወዲያው መጥረግ፣ የራስ መሸፈኛውን ቶሎ ቶሎ ማጠብ፤ ይህ ወጉን ሳይነካ ፊቱን ያድናል።

የፀሐይ መከላከያ ክሬም ቁጥሩ 30 ወይም ከዚያ በላይ የሆነው መልካም ነው። ጥቁረት ለሚያስቸግረው ሰው ደግሞ የአይረን ኦክሳይድ ቀለም ያለበት ይሻላል፤ ዓይን የሚያየውን ብርሃንም ይከላከላልና። ነገር ግን ዋጋው ከብዙዎች አቅም በላይ ነው። ሰፊ ባርኔጣ፣ ጥላና በእኩለ ቀን ከፀሐይ መከለል ግን ለሁሉም የተፈቀዱ ናቸው።

አሁን ወደዚያች ልጅ ጥያቄ ይመለሷል። መደርደሪያው ላይ በቶሎ የሚያስደስት መልስ አለ። ቤታሜታሶን ወይም ክሎቤታሶል ያለበት ክሬም በጥቂት ቀናት ውስጥ ቀይነቱን ያጠፋል፣ ፊትን ያቀላል። ልጅቱም ተደስታ ተመልሳ ትገዛለች፤ ጓደኞቿንም ታመጣለች። ከወራት በኋላ ቆዳው ይሳሳል፣ የደም ሥሮች ይታያሉ፣ አዲስ ብጉር ይወጣል፤ ለማቆም ስትሞክር ፊቷ ይነድዳል። ክሬሙ በሽታ ሆኖባታል። በሜርኩሪ የተሠሩ ማንጫዎች ደግሞ ኩላሊትን ይጎዳሉ፤ ጉዳቱ በቤት ውስጥ ላሉ ሕፃናትም ይተርፋል። የሚናማታ ስምምነት አባል አገሮች እ.ኤ.አ. በ2023 ባደረጉት ጉባኤ ሜርኩሪ የተጨመረበት ማናቸውም የመዋቢያ ዕቃ ከ2025 በኋላ እንዳይመረት፣ ወደ አገርም እንዳይገባና ከአገርም እንዳይወጣ ወስነዋል። ሕግ ግን በእያንዳንዱ መደርደሪያ ፊት አይቆምም፤ የሚቆመው ባለሙያው ነው።

የጎደጎደው ጠባሳ በክሬም አይሞላም። በልዩ ባለሙያ እጅ በጥቃቅን መርፌዎች መውጋት፣ ጠባሳውን ከሥር ከያዘው ሕብረ ሕዋስ ማላቀቅ፣ በአሲድ ነጥብ በነጥብ መንካት ወይም በጨረር ማከም ይቻላል። ጥቁር ቆዳ በነዚህ ሕክምናዎች በቀላሉ ይጠቁራልና ልምድ ያለው እጅ፣ ቀስ ያለ አሠራርና አስቀድሞ የጠፋ ብጉር ያስፈልጋሉ። ውጤቱም መሻሻል እንጂ ፍጹም መጥፋት አይደለም። ኬሎይድ በትራያምሲኖሎን መርፌ ይለዝባል፤ በመቁረጥ ብቻ ከተወገደ ግን አብዛኛውን ጊዜ ተመልሶ ያድጋል። ጠባሳን በእሳት መተኰስ ወይም በምላጭ መብጣት አዲስ ጠባሳ መጨመር ነው።

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦች፤

በዋጃ የቆዳ ልዩ ሐኪም ደጃፍ ላይ የለም። ነገር ግን ጠባሳ እንዳይፈጠር የሚከለክለው ሥራ አብዛኛው ልዩ ሐኪም አይጠይቅም። የሚጠይቀው ፊትን ዳስሶ ጥቁረትን ከጠባሳ የሚለይ፣ ስለ ሦስት ወር ትዕግሥት አስቀድሞ የሚናገር፣ ጎጂውን ክሬም ከመደርደሪያው ላይ የሚያነሣ አንድ ሰው ነው። ይህ ሰው ነርስ ሊሆን ይችላል፤ ፋርማሲስት ወይም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛም ሊሆን ይችላል። ያቺ ልጅ «የሚያጠፋ ቅባት አለ ወይ?» ስትል፣ «እኅቴ፣ በአንድ ሳምንት የሚያጠፋ የለም፤ በሦስት ወር የሚያሻሽል ግን አለ፤ አጠቃቀሙንም ላስረዳሽ» የሚል መልስ ብታገኝ፣ በዚያ ቀን የሽያጩ ገንዘብ ያንስ ይሆናል። ነጠላዋን ከፊቷ አውርዳ ወደ ገበያው የምትመለስበት ቀን ግን ይቀርባል።