ከአልጋ እስከ ሽንት ቤት
(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ባለፈው ክረምት አንዲት እናታችን ሌሊት ለሽንት ሲወጡ ደጃፋቸው ላይ ተንሸራተው ወደቁ። ይህን የምንናገረው ፈቅደውልን ነው። ቀኝ እግራቸው ከግራው አጥሮ፣ ወደ ውጭ ዞሮ ነበር፤ መቆም አልቻሉም። እኛ ምን አደረግን? ወጌሻ ጠራን። ታሹ፣ ተሳቡ፣ ታሰሩ። ‹‹ወለምታ ነው›› ስንባል አመንን። ሐኪም ቤት ያደረስናቸው በአሥራ አንደኛው ቀን ነው። ራጅ ሲነሱ የጭናቸው አጥንት ከዳሌ ጋር ከሚገጥምበት ዝቅ ብሎ፣ አንገቱ ላይ ተሰብሯል። ወጌሻውን ልንወቅስ አይደለም፤ የጠራነው እኛ ነን።

ይህ ስብራት እንደ ክንድ ታስሮ የሚድን አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ ኦፕራሲዮን ይፈልጋል፤ ያውም በአንድ በሁለት ቀን ውስጥ ቢሆን ይመረጣል። አረጋዊ ሰው አልጋ ላይ ሲከርም ጀርባው ይቆስላል፣ ሳንባው ይታመማል፣ እግሩ ውስጥ ደም ይረጋል። ብዙዎችን የሚገድለው ከስብራቱ ይልቅ ይኸው መተኛት ነው። ስለዚህ የወደቀን ሰው ‹‹እስቲ ተነሺ፣ ርገጪ›› አንበል። አንሳብ፣ አንሽ። በጉልበቶቹ መካከል ትራስ አድርገን፣ እንደተኛ ራጅና ኦፕራሲዮን ወዳለበት ሆስፒታል እንውሰድ።

እኛ ሴቶች ይበልጥ እንሰበራለን። የወር አበባ ሲቆም አጥንትን የሚጠብቀው ሆርሞን ይቀንሳል፤ አጥንት ከውስጥ ይሳሳል። አያምም፣ አይታይም። ወተት፣ በጾም ደግሞ ጎመን፣ ሰሊጥና ጤፍ፣ የጠዋት ፀሐይም ይረዳሉ። ነጠላውን ከክንዳችን ገለጥ አድርገን ማለታችን ነው!

አጥንቱ ቢሳሳም ብዙውን ጊዜ የሚሰብረው መውደቁ ነው። ከ65 ዓመት በላይ ከሆኑ ሰዎች ከሦስቱ አንዱ ያህል በየዓመቱ ይወድቃል። ‹‹እርጅና ነው›› ብለን እንተወዋለን። እኛ ግን ከዚያ ወዲህ የስምንት እናቶችን ቤት ከአልጋ እስከ ሽንት ቤት በእግራችን ሄደን አየን። ሶሉ ያለቀ ነጠላ ጫማ፣ የተነሳ ምንጣፍ፣ ያረጠበ ድንጋይ፣ አምፖል የሌለው በረንዳ፣ ሽንት ቤቱ ውስጥ የሚያዝ ነገር የለም። አምፖሉንና ጫማውን ከወር መዋጯችን ገዛን። ፖፖ አልጋ ሥር እናስቀምጥ ስንል ሳቁብን፤ አሁን አምስቱ ይጠቀሙበታል።

የደም ግፊት ወይም የእንቅልፍ መድኃኒት የሚወስዱ እናቶች ሲነሱ ራሳቸውን ያዞራቸዋል። አልጋው ጠርዝ ላይ ትንሽ ይቀመጡ፤ ለሐኪማቸውም ይንገሩ። ዓይናቸውን ሞራ የጋረዳቸውን ለማሳከም ቀጠሮ እያስያዝን ነው። ሁላችንም ደግሞ በየቀኑ ከወንበር እጅ ሳንደገፍ ብንነሳ ብንቀመጥ ጭናችን ይጠነክራል።

እናታችን ዛሬ በምርኩዝ ይሄዳሉ። ብቻቸውን ግን ከግቢ አይወጡም፤ ለቅሶ መድረስ ቀርቶባቸዋል፣ በጣም የሚቆጫቸውም እሱ ነው።

ሦስት ቤቶች ሽንት ቤታቸው ውስጥ መያዣ ብረት ገና አልተተከለም። ብረቱን የምትለግሱን ወገኖች፣ ብየዳ የሚችል ልጅ ያላችሁም እናቶች፣ ከቡናው በኋላ ቆዩልን።