ቁራሹን ብቻውን ያልበላ አባት

(በሬዲዮ ከተላለፈ ስብከት ለንባብ የተዘጋጀ)



በእኛ አገር ሰው ሲሞት በቀብሩ ላይ የሕይወት ታሪኩ ይነበባል። የት እንደ ተወለደ፣ የት እንደ ሠራ፣ የስንት ልጆች አባት እንደ ነበረ ይነገራል። ወረቀቱ ቢበዛ ሁለት ገጽ ነው። ከለቀስተኛው መካከል ግን ወረቀቱ ላይ ያልተጻፈ ነገር በልቡ ይዞ የሚያለቅስ ሰው አይጠፋም፤ ሟቹ በስውር የትምህርት ቤት ክፍያ የከፈለለት፣ በክፉ ቀን ቤት ኪራይ የሸፈነላት። የብዙ ደግ አባቶች ታሪክ እዚያ ነው ያለው።

ዛሬ የአንድ አባት ታሪክ እናስባለን። ኢዮብ ይባላል። ኢዮብ ሲባል ትዕግሥቱ ትዝ ይለናል፤ ምን ዓይነት አባትና ጎረቤት እንደ ነበረ ግን ዘለን እናልፋለን።

እስቲ መጀመሪያ ቤቱን እንይ። 7 ወንዶችና 3 ሴቶች ልጆች፣ 7,000 በጎች፣ 3,000 ግመሎች ነበሩት። ይህን ያህል ሀብት ያለው ሰው ለልጆቹ ጊዜ ከየት ያመጣል? ኢዮብ ግን ልጆቹ ግብዣቸውን ሲጨርሱ በማለዳ ተነሥቶ፣ ምናልባት በልባቸው በድለው ይሆናል እያለ፣ በቁጥራቸው ልክ መሥዋዕት ያቀርብ ነበር (ኢዮብ 1፥5)። በጅምላ አላቀረበም፤ ለእያንዳንዳቸው ነው። ወንዶቹ የየራሳቸው ቤት ነበራቸው። ለካ አባትነት ጡረታ የለውም!

ቀጥሎ ደጁን እንይ። ቁራሹን ብቻውን አልበላም፤ ወላጅ የሌለው ልጅ አብሮት በላ፣ እንደ አባትም ሆኖ አሳደገው። የታረዘው በበጎቹ ጠጉር ሞቀ። መንገደኛው ሜዳ ላይ አላደረም (ምዕራፍ 31)። የማያውቀውን ሰው ጉዳይ እንኳ መረመረለት (29፥16)። አያችሁ፣ በር ላይ ሰጥቶ አልመለሰም፤ ማዕዱን ነው ያካፈለው። አንዳንዱ በውጭ ቸር ነው፣ በቤቱ ግን እንግዳ ነው። ሌላው ለልጆቹ ይሞታል፣ የጎረቤቱን ልጅ ረሃብ ግን አያይም። ኢዮብ ሁለቱን አልለያየም።

ታዲያ ይህ ሰው መከራ ሲደርስበት ምን ተባለ? ወዳጁ ኤልፋዝ በመጀመሪያ ንግግሩ፣ ብዙዎችን ያስተማርህ፣ የደከሙትን ያበረታህ አንተ ነህ ብሎት ነበር (4፥3-4)። በኋላ ግን ያው አፍ፣ ለደከመው ውኃ አልሰጠህም፣ መበለቶችን ባዶ እጃቸውን ሰደድህ ብሎ ከሰሰው (22፥6-9)። ምን ተገኘና? ምንም። መልካም ሰው እንዲህ አይሠቃይም ብለው ያምኑ ነበር፤ እምነታቸውን ከሚያርሙ የሰውዬውን ታሪክ ለወጡት።

ይህ ዛሬም አለ። አባታችሁ ለረጅም ጊዜ ታሞ፣ ያለውን ለሰው አካፍሎ፣ ባንክ ውስጥ ምንም ሳይተው ሄዶ ይሆናል። "ያን ያህል ካገለገለ ለምን እንዲህ ሆነ?" የሚል ሰው ድንኳኑ ውስጥ አይጠፋም። ወገኖቼ፣ ኤልፋዝን የመለሰለት እግዚአብሔር ራሱ ነው። ስለ እኔ ቅን ነገር የተናገረው ኢዮብ እንጂ እናንተ አይደላችሁም አላቸው (42፥7)። በስሙ የተደረገን ፍቅር ሊረሳ ዓመፀኛ አይደለም (ዕብራውያን 6፥10)። የአባታችሁ መዝገብ ያለው በሐሜተኛ እጅ አይደለም።

ደግሞ ይህን ልብ በሉ። ኢዮብ በጎችም፣ ግመሎችም፣ ልጆችም አጥቶ ሳለ አንድ የሚሰጠው ነገር ቀርቶት ነበር፤ ላቆሰሉት ወዳጆቹ ጸለየ። ሀብቱ የተመለሰውም ሲጸልይላቸው ነው (42፥10)። የሚሰጥ ልብ ኪስ ባዶ ሲሆን አይዘጋም። በመጨረሻም ለሴቶች ልጆቹ በወንድሞቻቸው መካከል ርስት ሰጣቸው (42፥15)። ስንት ቤት ነው የሐዘን ድንኳኑ ሳይነሣ በውርስ የሚፋረደው? ይህ አባት ግን በሕይወቱ ሳለ ለሴቶቹም ድርሻቸውን ሰጠ።

ነገር ግን አንሳሳት። ኢዮብ በቸርነቱ አልታመነም፤ ተስፋው ሕያው በሆነው ታዳጊው ላይ ነበር (19፥25)። እኛም ያ ታዳጊ ማን እንደ ሆነ እናውቃለን፤ ባለጠጋ ሳለ ስለ እኛ ድሀ የሆነው ጌታ ኢየሱስ ነው (2 ቆሮንቶስ 8፥9)። የአባትህ ደግነት መልካም ምሳሌ ይሆንሃል፤ አያድንህም። አንተ ራስህ ወደ ኢየሱስ መምጣት አለብህ።

እንግዲህ አባቶቻችንን ማሰብ እንዲህ ይሁን። ዛሬ ማታ የልጆቻችንን ስም አንድ በአንድ እየጠራን እንጸልይ። በማዕዳችን ዙሪያ ማን እንደጎደለ እንይ። ለእህቶቻችን ድርሻቸውን እንስጥ። ላቆሰለን ሰውም እንጸልይ።

ሐዘንተኞችን የሚያጽናና አምላክ ቤታችሁን ይጎብኝ። አሜን።