የሻምፖና የፈሳሽ ሳሙና አረፋ ይጎዳል ወይ?

የዛሬው የጤና ትምህርታችን ስለ ሻምፖና ስለ ፈሳሽ ሳሙና አረፋ ነው።

«ሻምፖ ውስጥ ያለው ኬሚካል ካንሰር ያመጣል» ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። ወሬው እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በኢንተርኔት ሲዞር የቆየ ነው። የሚታማው ንጥረ ነገር ሶዲየም ላውሪል ሰልፌት ይባላል፤ በብዙ ሻምፖዎችና የጥርስ ሳሙናዎች ውስጥ ይገኛል። አንዱ ጫፉ ቅባትን፣ ሌላው ጫፉ ውሃን ስለሚይዝ እድፉ ከውሃው ጋር ይወገዳል። አረፋም ያበዛል።

ታዲያ ካንሰር ያመጣል ወይ? ይህን የሚያሳይ ማስረጃ የለም። በአሜሪካ የመዋቢያ ንጥረ ነገሮችን የሚመረምር የባለሙያዎች ቡድን እ.ኤ.አ. በ1983 የሰጠው ውሳኔ እንዲህ ነው፦ ተቀብቶ ወዲያው በሚታጠብ ምርት ውስጥ አያሰጋም፤ ቆዳ ላይ በሚቆይ ምርት ውስጥ ግን ከ1 በመቶ መብለጥ የለበትም። ጉዳቱ ያለው ብዙ ሰዓት ከቆዳ ጋር በመቆየቱ ነው።

ጦርነቱ ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ከመጀመሩ በፊት በካርቱም፣ በአርካዊትና በሌሎች ሰፈሮች በሰው ቤት ስትሠሩ የነበራችሁ እህቶች ይህን በእጃችሁ አይታችሁት ይሆናል። ቀኑን ሙሉ ዕቃና ልብስ ሲያጥብ የዋለ እጅ የራሱን ቅባት ያጣል፤ ይደርቃል፣ ያሳክካል፣ ይሰነጠቃል። ይህ ካንሰር አይደለም። ቸል ከተባለ ግን በስንጥቁ ጀርም ይገባል።

ስለዚህ እነዚህን ልብ በሉ፦

• ጥቂት ሳሙና ይበቃል። አረፋ በዛ ማለት ንጽሕና በዛ ማለት አይደለም።
• ሰውነታችሁን በደንብ አለቅልቁ። የልብስ ዱቄት ሳሙና ለገላና ለሕፃናት አይሁን።
• ከእጥበት በኋላ እጃችሁን አድርቃችሁ ቫዝሊን ተቀቡ።
• ዓይን ውስጥ ከገባ በንጹሕ ውሃ ለ15 ደቂቃ እጠቡ።
• ፈሳሽ ሳሙና በመጠጥ ጠርሙስ አታስቀምጡ። ልጅ ከጠጣ አፉን አጉመጥምጡት፤ እንዲያስመልሰው አታድርጉ፤ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።
• የተሰነጠቀው እጅ ካበጠ ወይም መግል ከያዘ ለጤና ባለሙያ አሳዩ።

ከሁሉም በላይ፣ ወሬውን ፈርታችሁ ሳሙና እንዳትተዉ። በተጨናነቀ መጠለያ ውስጥ ሕፃናትን ከሚቀጥፉት አንዱ ተቅማጥ ነው። ከሽንት ቤት መልስና ከምግብ በፊት እጅን በሳሙና መታጠብ ተቅማጥን ይከላከላል።